ቀይ ማኅተም ያለበት ሁለት ዶላር፦ ገንዘብ ነው ወይስ የመንግሥት ዕዳ?

ባለ ታክሲው፣ አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሐሙስ አንዲት አዛውንት ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው አድርሻቸው ሂሳቡን ከከፈሉኝ በኋላ ጉርሻ ብለው አንዲት የሁለት ዶላር ኖት ጨመሩልኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም። ማታ የዕለቱን ገንዘብ ስቆጥር ግን ማኅተሟም ተራ ቁጥሯም በቀይ ቀለም የታተሙ ሆነው አገኘኋቸው። በየቀኑ በእጃችን የሚያልፈው ዶላር ማኅተሙ አረንጓዴ ነው። አገላብጬ ሳያት ዓመቷ 1953 ይላል። ፊቷ ላይ ቶማስ ጄፈርሰን፣ ጀርባዋ ላይ ሞንቲቼሎ የሚባለው መኖሪያ ቤቱ አለ። «ፌዴራል ሪዘርቭ ኖት» በሚለው ፋንታ ደግሞ «ዩናይትድ ስቴትስ ኖት» ተብሎ ተጽፎባታል።

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ኖቷ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለአምጪው በተጠየቀ ጊዜ ሁለት ዶላር እንደሚከፍል የሚገልጽ ቃል አለ። ሁለት ዶላሩ ይኸው በእጄ ነው። ታዲያ መንግሥት የሚከፍለኝ ሌላው ሁለት ዶላር ምንድን ነው?

አብሮኝ ተራ ለሚጠብቅ ወዳጄ ባሳየው «ይህ እኮ ከዕዳ ነጻ የሆነው ገንዘብ ነው፤ ሊንከን ያለ ባንኮች ፈቃድ አሳተመው፤ ኬኔዲም እንደገና ሊያሳትም ሲል ተገደለ» አለኝ። ይህ እውነት ከሆነ ከ35 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የተሸከመ መንግሥት ለምን ወለድ እየከፈለ ይበደራል? ለምን እንዲህ ያለውን አያትምም? ልጄ በትምህርት ቤት ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ እየተማረች ስለሆነ ለእሷም ትክክለኛውን መንገር እፈልጋለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።


ጠገራ፣ ባልቲሞር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የኖት መዝገቤን አወጣሁ። አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጊዜ ወስጄ ልመልስልህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከምናውቀው ነገር እንነሣ። የሰፈር ባለ ሱቅ ዝርዝር ሲያጣ በሲጋራ ወረቀት ቁራጭ ላይ «ሁለት ብር አለብኝ» ብሎ ጽፎ ሲሰጥህ አስታውስ። ነገ ያቺን ቁራጭ ይዘህ ብትመለስ በሁለት ብሯ ስኳር ይሸጥልሃል። ጎረቤትህም ባለ ሱቁን ካመነው ቁራጯን ከአንተ ተቀብሎ ሽንኩርት ሊሰጥህ ይችላል። እንዲህ ሆነ ማለት ቁራጯ ገንዘብ ሆነች ማለት ነው። በባለ ሱቁ ደብተር ላይ ግን ያው ዕዳ ናት። ወለድ ስለሌላት የእጅ ብድር ልትላት ትችላለህ። አንተ ግን ላበድር ብለህ ወደ ሱቁ አልሄድክም፤ ለስኳር ሄደህ ነው አበዳሪ የሆንከው። የያዝካት ባለ ቀይ ማኅተም ኖት ዘሯ ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ልጅህ በምትማረው በእርስ በርስ ጦርነቱ ነው። እስከ 1861 የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለውም የሚቀበለውም በአብዛኛው በወርቅና በብር ሳንቲም ነበር። ወረቀቱን የሚያትሙት በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የግል ባንኮች ናቸው፤ በሺዎች የሚቆጠር የኖት ዓይነት ስለነበር ነጋዴው የትኛው ባንክ እንዳለና የትኛው እንደከሰረ የሚነግር መጽሐፍ ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጥ ነበር። ጦርነቱ ሲፈነዳ ወጪው ከታሰበው ሁሉ በለጠ፤ በታኅሣሥ 1861 መጨረሻ ደግሞ ባንኮቹ ወርቅ መክፈል አቆሙ። መንግሥትም ለወታደሩ የሚከፍለው አጣ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1862 ሊንከን የፈረሙት ሕግ 150 ሚሊዮን ዶላር ኖት እንዲታተም ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌላ 150 ሚሊዮን፣ በመጋቢት 1863 ደግሞ ሌላ 150 ሚሊዮን ተጨመረ። ጀርባቸው በአረንጓዴ ቀለም ስለታተመ ሕዝቡ «ግሪንባክ» አላቸው፤ ጀርባ አረንጓዴ እንደማለት ነው።

አሁን እኔን ሁልጊዜ ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልግባ። በመዝገቤ ውስጥ የ1862 የአንድ ዶላር ኖት አለኝ። ተጣጥፋ ተጣጥፋ መሃሏ ሊለቅ ደርሷል፤ ጠርዟም ተበልቷል። ፊቷ ላይ ያለው ምስል የሊንከን ሳይሆን የገንዘብ ሚኒስትሩ የሳልመን ቼዝ ነው። ገልብጠህ ጀርባዋን ስታነብ፣ ይህ ኖት ለማንኛውም የግልና የመንግሥት ዕዳ ሕጋዊ መክፈያ መሆኑን ይናገርና ወዲያው ሁለት ነገር ያስቀራል፤ የውጭ ዕቃ ቀረጥና የመንግሥት ዕዳ ወለድ። እነዚህ ሁለቱ በወርቅ ብቻ ይከፈላሉ። አስመጪው ቀረጡን በወርቅ ለጉምሩክ ይከፍላል፣ ያ ወርቅ ተሰብስቦ ቦንድ ለገዙት ሰዎች ወለድ ይሆናል። ለተቀረው ሕዝብ ወረቀት።

የተቀረው ሕዝብ ማን ነው? ወታደሩ ነው፣ የወታደሩ ሚስት ናት፣ ለሠራዊቱ በቅሎና በቆሎ ያቀረበው ገበሬ ነው። በሐምሌ 1864 ግሪንባክ ክፉኛ ሲወድቅ 100 የወርቅ ዶላር ለመግዛት ወደ 285 የወረቀት ዶላር ይጠየቅ ነበር። የተራ ወታደር ደመወዝ በዚያው ዓመት ከ13 ወደ 16 ዶላር ከፍ ቢልም፣ በወርቅ ሲመነዘር ከ6 ዶላር አይሞላም ማለት ነው። ጥቁር ወታደሮች ደግሞ እስከ ሰኔ 1864 ድረስ 10 ዶላር ተመድቦላቸው 3ቱ ለልብስ ይቆረጥ ነበር። የማሳቹሴትስ 54ኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች እኩል ካልተከፈለን ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ምንም ደመወዝ ሳይቀበሉ ተዋጉ። ለልጅህ ስለ ጦርነቱ ስትነግራት ይህንን አትዝለለው።

በሌላው ወገን ያለውን ሰው ደግሞ እይ። ወረቀቱ የወርቁን ግማሽ በሚያወጣበት ሰዓት 100 የወርቅ ዶላር ያለው ሰው 200 ወረቀት ይገዛል። በ200 ወረቀቱ የ200 ዶላር ቦንድ ይይዛል። ቦንዱ በዓመት 6 በመቶ፣ ማለትም 12 ዶላር ያስገኛል፤ 12ቱም በወርቅ። ባወጣው ወርቅ ላይ ከመቶ 12 አገኘ ማለት ነው፤ ዋናው ሲመለስለትም በወርቅ ከሆነ እጥፍ ይሆንለታል። አንድ መንግሥት፣ አንድ ጦርነት፣ አንድ ቀን፤ ደሙን ላፈሰሰው የእጅ ብድር፣ ገንዘቡን ላበደረው ወርቅ።

አያቴ ቡልጋ ውስጥ ጠገራ ብራቸውን በእንስራ ቀብረው ነበር የኖሩት። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ እንኳ እህል ሲሸጡ ጠገራ የሚከፍል ገዢ እየመረጡ ይጠብቁ ነበር፤ «ወረቀት የጌታው ቃል ነው፤ ብር ግን ራሱ ብር ነው» ይሉ ነበር። በልጅነቴ የአሮጌ ሰው ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። የግሪንባክን ጀርባ ካነበብኩ በኋላ ግን አያቴ የተናገሩትን ነገር የአሜሪካ ምክር ቤትም ጠንቅቆ ያውቀው እንደነበር ገባኝ፤ ለአበዳሪው ብሩን፣ ለሌላው ቃሉን ሰጥቷልና።


የሕግ ተማሪዋ፣ ኮሎምበስ

ጋሼ ጠገራ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። በእርስዎ ኖት ላይ ያለው የቼዝ ታሪክ እንዳይቀር ብዬ ነው የምጽፈው።

ቼዝ ኖቱን ያሳተመው ሳይወድ በግድ ነበር። በኋላ ሊንከን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ አድርገው ሾሙት። በ1870 ሄፕበርን እና ግሪስዎልድ የተባሉ ሰዎች ክርክር ወደ እሱ ችሎት መጣ። ከ1862ቱ ሕግ በፊት የተገባ ዕዳ በግሪንባክ መከፈል ይችላል ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። ቼዝ ራሱ የፍርዱን ሐተታ ጽፎ አይችልም አለ፤ ምስሉ ያለበትን ኖት ራሱ ሻረው። በዓመቱ ሁለት አዳዲስ ዳኞች ከተጨመሩ በኋላ ፍርድ ቤቱ በኖክስ እና ሊ ክርክር 5 ለ4 ሆኖ ያንን ፍርድ ገለበጠ። ቼዝ ከተሸነፉት ወገን ነበር።

ከባለ ታክሲው ጥያቄ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን የ1884ቱ የጁሊያርድ እና ግሪንማን ክርክር ነው። ጦርነት በሌለበት ጊዜስ መንግሥት እንዲህ ያለ ወረቀት ሕጋዊ መክፈያ ማድረግ ይችላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 ይችላል አለ። ሥልጣኑን ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ምክር ቤቱ በአገሪቱ ስም ገንዘብ የመበደር ሥልጣን አለው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ነው። እንግዲህ «ከዕዳ ነጻ ገንዘብ» የሚባለው ኖት በሕግ ዓይን የቆመው በመበደር ሥልጣን ላይ ነው። ይህንን በክፍል ውስጥ ሳነብ በጣም ነበር የደነቀኝ።


ነጋዴው፣ ዳላስ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት ነው። ቁጣዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ወለዱ በወረቀት ይከፈል ቢባል ኖሮ ማን ያበድር ነበር? በ1860 የአሜሪካ መንግሥት ዕዳ 65 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። በ1865 ወደ 2 ቢሊዮን 700 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ግሪንባኩ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ነው። የቀረውን የሸፈነው ቦንድና ሌላ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ነው። አበዳሪ ባይገኝ ያንን ሁሉ በማተም ሊሸፍኑት ነበር፤ ያን ጊዜ ወታደሩ በ16 ዶላሩ ዳቦም ባልገዛ።

ይህ ግምት አይደለም፤ በደቡቡ ወገን በተግባር ታይቷል። ኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም የተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት፣ የሚቀርጠው ወደብ በባሕር ኃይል ተዘግቶበት፣ አበዳሪም አጥቶ፣ ማተሚያውን ሌት ተቀን አስኬደ። ኖቶቹ ላይ የተጻፈው ቃል ኪዳን እንዴት ያለ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የሰላም ውል ከጸደቀ ከስድስት ወር በኋላ ለአምጪው እንከፍላለን ይላል። ውሉ አልመጣም። ዋጋው በብዙ አሥር እጥፍ ናረ፣ በ1863 ጸደይ በሪችመንድ ሴቶች ዳቦ ብለው አደባባይ ወጡ፣ ሱቅ ሰበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሰሜኑን ዕዳ ማንም ሊጠራጠረው አይችልም ሲል የደቡቡን ዕዳ ግን ሕገ ወጥና ዋጋ ቢስ አደረገው። ያንን ወረቀት በሣጥን ያስቀመጠች መበለት ምንም አልቀራትም።

እኔ ዕቃ አስመጪ ነኝ። አዲስ አበባ ስሠራ በነበረበት ጊዜ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ጉድለቱን ሲሸፍን የዘይትና የስኳር ዋጋ ምን እንደሚሆን በገዛ መደርደሪያዬ አይቻለሁ። ዋጋ ሲንር የሚከፍለውም ያው ደመወዝተኛው ነው። ስለዚህ ግሪንባኩ በልክ መቆየቱ ለድሃውም ጠቅሞታል ባይ ነኝ።


ጠገራ፣ ባልቲሞር

ወንድም ነጋዴው፣ ስለ ደቡቡ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። በጦርነቱ መሃል ለአበዳሪ ወርቅ መስጠት ግድ ነበር ብትለኝም እቀበልሃለሁ። የእኔ ክርክር ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነው ነው።

ቦንዶቹ ሲሸጡ ሕጉ ወለዱን በወርቅ ይላል እንጂ ዋናውን በወርቅ አይልም ነበር። ስለዚህ በ1868 የኦሃዮው ጆርጅ ፔንድልተን «ቦንዱን በወረቀት እንደገዙት በወረቀት ይመለስላቸው፤ ለአራሹና ለባለ ቦንዱ አንድ ገንዘብ ይሁን» ብለው ተነሡ። ብዙ ሕዝብ ተከተላቸው። ነገር ግን ግራንት ፕሬዚዳንት ሆነው በመጋቢት 1869 ከሁሉ አስቀድመው የፈረሙት ሕግ ዋናውም በወርቅ እንደሚከፈል ቃል ገባ። አበዳሪው በ50 ሳንቲም የገዛው ዶላር ሙሉ ዶላር ሆነለት። ልዩነቱ የተከፈለው በግብርና በቀረጥ ከተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ከነዚያው ወታደሮች ኪስ ማለት ነው።

በዚያው ላይ መንግሥት ግሪንባኩን እየሰበሰበ ማቃጠል ጀመረ። ከ1866 ጀምሮ፣ በመሃል ቢቋረጥም፣ ሚሊዮኖች ተቃጠሉ። ዕዳ መክፈል ነው ቢባልም ለገበሬው ገበያው ውስጥ ያለው ገንዘብ እየደረቀ ሄደ። መሬቱን አስይዞ በርካሽ ዶላር የተበደረ ሰው በውድ ዶላር መመለስ ነበረበት፤ የስንዴው ዋጋ ግን እየወረደ ነው። የግሪንባክ ፓርቲ የተባለው የፖለቲካ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ምሬት ነው። በ1876 ፒተር ኩፐርን ለፕሬዚዳንትነት አቀረበ፤ በ1878ቱ የምክር ቤት ምርጫ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ምክር ቤቱ ማቃጠሉን አቆመና በገበያ ላይ የቀረው በነበረበት እንዲጸና አዘዘ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ 346,681,016 ዶላር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1879 ደግሞ ወረቀቱ ለጠየቀ ሁሉ በወርቅ መመንዘር ጀመረ። ባለ ታክሲው ሆይ፣ ኖትህ ላይ ያለው «ይከፍላል» የሚለው ቃል እውነተኛ ትርጉም ያገኘው ያን ዕለት ነው። እስከ 1933 ድረስም ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ ወርቅ መቀበል ትችል ነበር።

በ1953 ኖትህ ስትታተም ግን ዜጋው ወርቅ እንዳይቀበል ከተከለከለ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ቃሉ ከልማድ ቀረ እንጂ ሌላ ወረቀት ከመቀበል በቀር የሚያስገኘው አልነበረም። በ1963 እትም ላይ ደግሞ ቃሉ ራሱ ተነሣ።

ወዳጅህ ስለ ኬኔዲ የነገረህ ብዙ ቦታ ይወራል፤ እኔም በቡና ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በጁን 4 ቀን 1963 የወጣው ትእዛዝ ቁጥሩ 11110 ነው። የሚናገረው በብር ማዕድን ስለሚመነዘሩት ሰማያዊ ማኅተም ስላላቸው ኖቶች እንጂ ስለ ባለ ቀዩ አይደለም። እንዲያውም ኬኔዲ በዚያው ቀን የፈረሙት ሕግ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ የአንድ ዶላር ኖት እንዲያወጣ ፈቀደለት። በወሬው ተቃራኒ ማለት ነው። የ1963 ባለ ቀይ ማኅተም ሁለትና አምስት ዶላሮች የታተሙት ያ የ1878 ቁጥር በገበያ ላይ እንዳይጎድል በየጊዜው ሲደረግ እንደነበረው ነው። የሰው ሞት ላይ የማይመስል ታሪክ መለጠፍ ያሳዝነኛል።


ባለ ታክሲው፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ የ54ኛውን ክፍለ ጦር ታሪክ ነገርኳት፤ እስክትጠይቀኝ ድረስ አላወቅኩም እንጂ አስተማሪዋም ስለ ደመወዙ አላነሡትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቅርታ አድርገው ያጥሩልኝ። እንግዲህ እጄ ላይ ያለው ዛሬ ዕዳ ነው ወይስ አይደለም? ከአረንጓዴውስ በምን ይለያል?


ጠገራ፣ ባልቲሞር

ዕዳ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በየወሩ የሚያወጣውን የመንግሥት ዕዳ መግለጫ ከፍተህ ተመልከት። ከትሪሊዮኖቹ በታች፣ ምክር ቤቱ የሚጣላበት የብድር ጣሪያ በማይነካቸው ዕዳዎች መካከል፣ «ዩናይትድ ስቴትስ ኖትስ» የሚል መስመር ታገኛለህ። ከሊንከን ዘመን ጀምሮ ወለድ ያልተከፈለበት፣ ያልተዘጋ ሂሳብ ነው። ያንተ ሁለት ዶላር እዚያ ውስጥ ተቆጥራለች። ማኅተሙ ቀይ የሆነ ኖት ለገበያ መውጣቱ በ1971 ቆሟል፤ ዛሬም ግን ሱቅ ይዘህ ብትሄድ ሕጋዊ ሁለት ዶላር ናት።

አረንጓዴውም በሕግ የመንግሥት ግዴታ ነው። የሚለየው በመንገዱ ነው። ባለ ቀዩን ግምጃ ቤቱ ራሱ አትሞ ወጪውን ይከፍልበት ነበር። አረንጓዴውን የሚያወጣው ፌዴራል ሪዘርቭ ሲሆን በመያዣነት በብዛት የሚያስቀምጠው የመንግሥት ቦንድ ነው። ቦንዱ ወለድ ያስገኝለታል፤ ከወጪው የተረፈውን ትርፍ መልሶ ለግምጃ ቤቱ ያስገባል። ስለዚህ ወዳጅህ እንደሚያስበው ባለ ቀዩን ማተም ትሪሊዮኖቹን አያጠፋቸውም፤ ወለድ ያለውን ዕዳ ወለድ በሌለው ይተካል፣ ከልክ ካለፈ ደግሞ ወንድም ነጋዴው እንዳለው ዋጋው በመደርደሪያ ላይ ይታያል። እኔ ለአራሹና ለባለ ቦንዱ አንድ ገንዘብ ይሁን ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ያለ ልክ ይታተም ከሚሉት ጋር ግን አይደለሁም።

ኖቷን አትሽጣት። ከዋጋዋ ላይ ጥቂት ዶላር ብቻ ነው የሚጨመርልህ። በፕላስተር አትጠግናት፣ ልታቃናት ብለህ ካውያ አታሳርፍባት፣ በውኃ አትጠባት። ለኖት ማስቀመጫ ተብሎ በሚሸጠው ጥርት ያለ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ በመጽሐፍ መካከል አኑራት። ወደ ባልቲሞር ተሳፋሪ ያመጣህ ቀን ልጅህን ይዘሃት ና፤ የ1862ቷን አውጥቼ ጀርባዋን ራሷ ታንብበው።